እናቴን ማንም አልገፋትም

መቀስ ብለው የሰየሟት አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። ሥራዋ የፊልም ኤዲተርነት ነው፤ ዳይሬክተሮች ቀርጸው የሚያመጡላትን የምስል ክምር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እየቆረጠች፣ እየቀጠለች ታሪክ የምታደርገው እሷ ናት። ስሙ ግን ለሥራዋ ብቻ የወጣ አልነበረም፤ ምላሷም ስለት ነበረው። አንድ ጊዜ ስመ ጥር ተዋናይ አጠገቧ ቆሞ የራሱን ለቅሶ ስክሪኑ ላይ እያየ ሲመሰጥ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ እያለቀስክ ነው ወይስ ማስነጠሱ እምቢ ብሎህ ነው?» አለችው። ተዋናዩ ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ድርሽ ብሎ አያውቅም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የረባ ነገር አይሠራም። የወንበሯ መደገፊያ የጀርባዋን ቅርጽ ይዞ ስለቀረ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ይቆረቁረዋል።

ድርጅቱ የአንድ ፕሮዲውሰር ነው። ሠራተኞቹ በሌለበት «ጉድ ፈላ» ይሉታል። ስሙን ያገኘው በፊልሞቹ ነው፤ የትኛውም ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የግድ ጉድ ይፈላል። ሞቶ የተቀበረው በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ሚስት እህት ሆና ትገኛለች፤ ደጉ ሐኪም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ፊልም ሠሪዎች ይህን «እጥፋት» ይሉታል፤ ታሪኩ ድንገት ይታጠፍና ተመልካቹ ያላሰበበት ቦታ ራሱን ያገኘዋል።

መቀስ እጥፋት ጠልታ አይደለም። እንዲያውም ከሠራቻቸው ሁሉ የምትኮራበት አንድ የወንጀል ፊልም ነበር፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲታወቅ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ «ከመጀመሪያው ፊታችን ቆሞ ነበር እኮ!» ያለበት። «እጥፋት ከታሪኩ ሆድ ሲወለድ ደስ ይላል» ትል ነበር፤ «በጉዲፈቻ ሲመጣ ግን ማንንም አይመስልም።» ጉድ ፈላ ይህን ሰምቶ ስቋል። መቀስ ጎበዝ ስለሆነች ምላሷን ችሎ ያኖራት ነበር።

ነገሩ የተነሳው ታናሽ ወንድሟ የመጀመሪያ ፊልሙን ሊሠራ ጽሑፉን ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ሠላሳውን አልፎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ቤተሰቡ አሁንም ማሙሽ ነው የሚለው። የጻፈው የአባታቸውንና የእናታቸውን ታሪክ ነበር።

አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከመጠን ያለፈ ጥንቁቅ ስለነበረ የሥራ ጓደኞቹ «ጋሼ ፍሬን» ይሉታል፤ እናታቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ጥፍሯን ቀይ ሳትቀባ ከቤት የማትወጣ፣ ሳቂታ ሴት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ፣ የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ላይ ሕመም መታትና ወደቀች። ባሏ ያኔ ሥራ ላይ ነበር። ጎረቤት አንስቶ ሐኪም ቤት አደረሳት። ከዚያ በኋላ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ። ዓመታት እንዲያ ኖራ ሞተች።

እነዚያን ዓመታት ያኖራት ባሏ ነው። ከሥራ ሲመለስ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና የዕለቱን ተሳፋሪዎች ይተርክላታል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንቅልፍ ወስዶት መውረጃው እንዳለፈው። ጀርባዋ እንዳይቆስል ያገላብጣታል። ራሷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ከስር ሳፋ አድርጎ ፀጉሯን ያጥባል። መሪ የለመደው ያ ግዙፍ እጁ ትንሿን ብሩሽ ይዞ ጥፍሯን ይቀባል። ቀለሙ ጣቷን ሁሉ ያዳርሳል፤ እሷም በደህናው ጎኗ ትስቅበታለች። ፊልሙ ይህ ነበር። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ትሞታለች፤ ሰውዬው አንሶላዋን አጥቦ ያሰጣል፤ እዚያው አጠገቡ ቆሞ ይቀራል። ሌላ ምንም የለውም።

መቀስ ጽሑፉን አንብባ ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። ማሙሽ ፈራ።

«እታለም፣ መጥፎ ነው?»

«የሚቆረጥ አጣሁበት» አለችው።

ጽሑፍ አንብቦ የማያውቀው ጉድ ፈላ በእሷ ቃል አምኖ ገንዘቡን ሰጠ። ቀረጻው ሲያልቅ ወራት ፈጅታ አቀናበረችው። አባታቸውን የሚጫወተው አንድ ዝምተኛ የመድረክ ሰው ነበር፤ ትከሻው አጎንብሶ አልጋ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ቁርጥ አባቷን ይመስላት ነበር። የጥፍሩን ትዕይንት የሠራችው በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው። አባቷ አልፎ አልፎ ስልክ ይደውላል። «የኔ ነገር ደረሰ?» ይላታል። «አባዬ፣ ሲኒማ ቤት ነው የምታየው፣ ታገስ» ትለዋለች።

ፊልሙ አልቆ ጉድ ፈላ የተመለከተው ዕለት፣ መብራቱ ሲበራ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። መቀስ ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው። ሰውዬው ግን መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣

«ግሩም ነው» አለ። «ልብ ይነካል። እና ጉዱ የት አለ?»

«የምን ጉድ?» አለ ማሙሽ።

«መጨረሻው ነዋ! ሴትየዋ እንደምትሞት ከመጀመሪያው ደቂቃ አውቄያለሁ። ሞተች። ከዚያስ? ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚመጣው የሚያውቀውን ሊያይ ነው እንዴ? ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ተሸከማት? ምክንያቱ የታለ?»

«ሚስቱ ናት» አለች መቀስ።

«ሚስትነት ምክንያት አይሆንም፤ ሚስት ያላቸው ሞልተዋል። ስሙኝማ...» ብሎ ወንበሩን አዞረ። ጉድ ፈላ ሐሳብ ሲመጣለት እጁን እንደ ሊጥ ያሻል። «ሴትየዋ ደረጃ ላይ ነው አይደል የወደቀችው? ማን ገፋት? እሱ! ተጣልተው ገፈተራት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስታምም የኖረው ከጸጸቱ ነው። አንሶላውን እያሰጣ ሳለ ወደ ኋላ ተመልሰን ደረጃውን እናያለን። እጅ። መውደቅ። ጨለማ። አዳራሹ በጩኸት ይናጋል!»

መቀስ ጆሮዋን አላመነችም። ሰውዬው እየቀለደ መስሏት ወንድሟን አየችው። ማሙሽ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባት።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለች። «አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ይሄ ሰው በማንም ላይ ቁጣ ሲያነሳ አላየንም። ከየት የመጣ እጅ ነው የሚገፋት?»

«ድንገተኛነቱ እኮ እሱ ላይ ነው» አለ ጉድ ፈላ ደስ ብሎት። «ካልሆነ ፊልሙ ሲኒማ ቤት አይገባም። ምርጫው የእናንተ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን በክንዱ ይዛ አቆመችው። «እንቢ በለው።»

«እታለም፣ እስቲ ተረጋጊ። ይሄን ዕድል ስንት ዓመት ጠበቅኩት። አንድ ትዕይንት ናት፤ ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም። ለሱ ብዬ ፊልሙ መሳቢያ ውስጥ ይበስብስ? ደግሞ አንቺስ እጥፋት ትወጂ የለም? የዚያን የወንጀል ፊልምሽን መጨረሻ ስታወሪ አይደል የኖርሽው?»

«እሱ ፊልም ገዳይ ነበረው! የኛ አባት ማንን ገደለ?»

«አባዬ አይደለም እኮ። ገጸ ባሕርይ ነው።»

«ደረጃውስ? ሳፋውስ? ቀዩ ጥፍርስ? የገጸ ባሕርይ ነው? የሰውዬውን ቤት ከነዕቃው ወስደህ ስታበቃ ነፍሰ ገዳይ አስገባህበት! በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ!»

ማሙሽ ክንዱን አላቀቀ። እንደ ልጅነቱ ታችኛውን ከንፈሩን ነክሶ፣ «ለአባዬ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። እሱ ይገባዋል» አለ።

መቀስ ያቺን ትዕይንት አልነካም አለች፤ ስሟም ከፊልሙ ላይ እንዲፋቅ ጠየቀች። ሌላ ኤዲተር ተጠርቶ ሠራት። ስሟን ፋቁላት።

የምርቃቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። ከስሩ በደማቁ «መጨረሻውን ለማንም እንዳይናገሩ!» ይላል። አባቷ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አሮጌ የሥራ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ፂሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ትንሽ ቆርጦታል። መቀስ ልትቀር ነበር፤ ግን አባቷ ያን መጨረሻ ሲያይ ከጎኑ መራቅ ስላላስቻላት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ማሙሽ ስለ መጨረሻው ነገረህ አይደል?» አለችው ቀስ ብላ።

«የቱ መጨረሻ? መጨረሻውንማ አውቀዋለሁ፤ የኔው አይደል?» አላት ፈገግ ብሎ።

ደሟ ፈላ። ወንድሟን በዓይኗ ፈለገችው፤ ፊት ወንበር ላይ ከጉድ ፈላ ጎን ተቀምጧል፤ ዞሮ አላያትም። «አባዬ፣ ተነስ እንሂድ» ለማለት አፏን ስትከፍት መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ሲጀምር አባቷ እንደ ልጅ ወደ ፊት ተጠጋ። ተዋናዩ ሳፋውን ሲያነሳ በጉሮሮው «እህ» አለ። ጥፍር መቀባቱ ላይ ከትከት ብሎ ሳቀ። ሴትየዋ ስትሞት መነጽሩን አወለቀ። አንሶላው ተሰጣ። በዚህ መካከል ሙዚቃው ተጯጯኸና ስክሪኑ ላይ ደረጃ መጣ፤ የሁለት ሰው ጭቅጭቅ፤ ትልቅ የወንድ እጅ፤ ወደ ኋላ የምትወድቅ ሴት። አዳራሹ «እንዴ!» ብሎ አንድ ላይ ጮኸ። ከዚያ ጭብጨባው ዘነበ።

አባቷ አላጨበጨበም። አልተነሳምም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ገልብጦ መዳፉን አየው።

ደጅ ሲወጡ ሰዉ ማሙሽን እየከበበ ይስመዋል። ከአሮጌዎቹ ሾፌሮች አንዱ፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን አፉ ስለቀደመው፣ «ታዲያ ጋሼ ፍሬን፣ ያን ቀን ፍሬኑ አልያዘም በለኛ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አባቷ ጓደኛውን አየው፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሄደ። መቀስ ሾፌሩን ያለችውን እዚህ መድገም ነውር ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጎረቤቱን ወሬ ከሁሉ ዘግይታ የሰማችው መቀስ ናት። ፊልሙን ያላየ የፎቁ ነዋሪ ጥቂት ነበር፤ ያላየውም ከታች ባለችው ባለሱቅ አፍ ሰምቶታል። አንድ ጠዋት መቀስ ለአባቷ ሳሙና ልትገዛ ስትገባ ባለሱቋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«የኔ እህት፣ እንዲያው ልጠይቅሽና... እውነት ነው እንዴ?» አለቻት።

«ምኑ?»

«የደረጃው ነገር። እኔ እኮ እሳቸው ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው ግን ማን አየ? ልጃቸው ራሱ ካወጣው...»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ እናቴን ያነሳሻት?» አለች መቀስ። «እግሯን ይዘሽ ያወረድሻት አንቺ አይደለሽም? አባቴን መሥሪያ ቤቱ ደውለሽ የጠራሽው አንቺ አይደለሽም? በገዛ ዓይንሽ ያየሽውን ፊልም ሰረዘልሽ?»

ሴትየዋ ደነገጠች፤ «ኧረ እኔ ምን አልኩ...» እያለች ሳሙናውን ደጋግማ ጠቀለለችው። መቀስ ሳሙናውን ትታ ወጣች። አባቷ ለካ ከቤት መውጣት ካቆመ ሰንብቷል። ደረጃውን ሲወርድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ስለሚያየው።

ከዚያ በቀጥታ ጉድ ፈላ ቢሮ ገባች። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል አልሰማቻትም። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«ፊልሙን አውርድ» አለችው። «ወይ ያቺን ትዕይንት ቁረጥ።»

ጉድ ፈላ አብረውት ለተቀመጡት እንግዶች እየሳቀ፣ «መቀሳችን ዛሬ ስለት ላይ ናት» አለ። «ፊልም ነው እኮ የኔ እመቤት። ሰው ወዶታል። ያንቺ ፊልም መጥፎ ነበር አላልኩም፤ ግን ለማን ላሳየው? ባዶ ወንበር ፊት? ሰው ቤቱ የሚያስታምመው በሽተኛ አለው፤ ሲኒማ የሚመጣው ሊደነግጥ፣ ሊገረም ነው። እኔ የሚበላውን አቀረብኩ።»

ይህ ነገሩ አናደዳት፤ በከፊል እውነት ስለነበረው ይበልጥ አናደዳት። እሷም ደክሟት ስትገባ የሚያስደነግጥ ፊልም ከፍታ ታያለች።

«መገረም መች ጠላሁ?» አለች። «አንድ ሾፌር ጥፍር መቀባት ተማረ፤ እሱ አይገርምህም? አንተ የሚገርምህ ሰው ሲገፋ ብቻ ነው? ጥሩ ነገር ስታይ ከስሩ ሬሳ ካልተገኘ አታምንም። ሰው ፊት የሰው አባት ገድለህ ነው የምታጨበጭበው!»

«ገጸ ባሕርዩ...»

«ገጸ ባሕርይህን ከነፖስተሩ ዋጠው!» ብላ የክፍሏን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ቁልፉ የውሃ ብርጭቆ መትቶ አንዱን እንግዳ አረጠበው። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ሕንፃ አልገባችም።

ማሙሽ ለምርቃቱ የመጣለትን ምስጋና ሲያጣጥም ከርሞ አንድ እሑድ ምሳ ሰዓት አባቱ ቤት መጣ። መቀስ ሳህን እያጠበች ነበር፤ አላናገረችውም። ቧንቧውን አጥብቃ ከፈተችው። አባትየው መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ሰዉ እኮ እያለቀሰ ነው የሚወጣው» አለ ማሙሽ። «እኔ አንተን ለማክበር ነው የሠራሁት። ያቺ መጨረሻ ደግሞ... እንዲያው የፊልም ነገር ናት።»

እነሱ የሚያውቁት አባት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ መንገድ የዘጋበትን ነጂ እንኳ ጥሩምባ አይነፋበትም። አሁን ግን ሲነሳ ወንበሩ ከኋላው ተገለበጠ።

«ጎረቤቱ ያለውን ይበል!» አለ። ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ። «ገደለ ይበሉኝ፣ ሰቀለ ይበሉኝ፣ አፋቸው ነው! አንተ ግን ልጄ ነህ። አንድ ነገር ንገረኝ። ሰው ሳይበድላት ሚስቱን አያጥብም? ዕዳ ካልሆነበት አያጎርሳትም? እንደዚያ ነው የሚመስልህ? እኔ እናትህን ያጠብኳት ስለምወዳት ነው! አንተ የቅጣት ሥራ አደረግከው። ያን ሁሉ ዓመት ወስደህ ቅጣት አደረግከው!»

መቀስ ቧንቧውን ዘጋች። የማሙሽ ፊት ተጨማደደ። የተገለበጠውን ወንበር ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አባቱ «ተወው!» ብሎ ጮኸበትና መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ወረወረው።

በማግስቱ ማሙሽ ጉድ ፈላን ለመነው። ትዕይንቷ ትውጣልኝ አለ፤ እንባ አውጥቶ ለመነ። ጉድ ፈላ ውሉን አስታወሰው፤ ፊልሙ የድርጅቱ ነው። «ሲያልፍልህ ታመሰግነኛለህ» አለው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ማሙሽ ለእህቱ ደውሎ ይህንኑ ሲነግራት፣ «ጎሽ» ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ካፖርቷን ደረበችና ሲኒማ ቤቱ ሄደች። አስባበት አልነበረም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ሰልፉ የሕንፃውን ጥግ ዞሯል። ፖስተሩ ስር ቆመች። «መጨረሻውን ለማንም እንዳይናገሩ!» የሚለው ልክ ከራሷ በላይ ነበር።

«ስሙኝ!» አለች። «መጨረሻው ላይ ባልየው ነው የገፋት! ደረጃ ላይ ተጣልተው ገፈተራት። እጁን ታያላችሁ፣ ትወድቃለች፣ ያልቃል!»

ሰልፉ ተንጫጫ። «ኧረ ይቺን ሴትዮ!» «ምን አይነት ምቀኛ ናት!» አንድ ጎረምሳ እያማረረ ከሰልፉ ወጣ። ከኋላው ሁለት ሴቶች ተከተሉት። «ካወቅነውማ ምን ያደርግልናል?» ትላለች አንዷ።

«አያችሁ?» አለች መቀስ፣ የሚሄዱትን በጣቷ እያሳየች። «በአንድ ዓረፍተ ነገር ሞተ! ይሄ ፊልም ነው? ከዚህ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የሚያምር ነገር አለበት፤ አሁን እሱን ሊያይ የሚቀር የለም! መጨረሻው በላው! እናንተም ስሙ፣ እናቴን ማንም አልገፋትም!»

የመጨረሻው ቃሏ ለማንም አልገባም። ጥበቃው በትህትና ክንዷን ይዞ አስፋልቱን አሻገራት። «እህቴ፣ እኔም ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» አላት። ምስኪኑን ምን ልትለው ትችላለች? እዚያው ግንቡ ላይ ተቀመጠች። ገሚሱ ሰልፈኛ ተበትኗል፤ የቀረው ግን ገባ። ከጉድ ፈላ የመጣው ስልክ እስኪበቃው ጮኸ፤ ስታነሳው «በሕግ እጠይቅሻለሁ!» አላት። «ጠይቀኝ» አለችው። እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።

ሲመሽ ማሙሽ በሯን አንኳኳ። የመጀመሪያውን፣ እሷ የሠራችውን ፊልም ግልባጭ ይዞ ነው የመጣው። «የሾፌሮቹ ማኅበር አዳራሽ አለ» አለ ደፉ ላይ እንደቆመ። «በነፃ እናሳይላቸው። ጓደኞቹ ይዩት። ከከሰሱም እኔን ይክሰሱ።» አላስገባችውም፤ ግልባጩን ግን ተቀበለችው።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የአዳራሹን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነው ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠሩ። ሾፌሮች፣ ቲኬት ቆራጮች፣ ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች፣ ጥቂት የፎቁ ነዋሪዎች መጡ። ባለሱቋም መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። አባታቸው አልሄድም ብሎ ነበር፤ ፊልሙ ሊጀምር ሲል በሩ ላይ ታየ። ሙሉ ልብሱን አልለበሰም።

መቀስ ከፊት ቆመች። ንግግር አላዘጋጀችም፤ ቁጣዋም አልበረደም።

«መጨረሻውን ልንገራችሁ» አለች። «ሴትየዋ ትሞታለች። ማንም አልገፋትም። ባሏ አንሶላዋን ያጥባል። ሌላ የለውም። መውጣት የሚፈልግ አሁን ይውጣ።»

ሁለት ሦስት ሰው ወጣ። ሌላው ቀረ።

ሁሉም ወደደው ማለት ውሸት ይሆናል። አንዱ የጋራዥ ሰው መሐሉ ላይ ማንኮራፋት ጀምሮ ሚስቱ ጎሸመችው። የቀሩት ግን መጨረሻውን እያወቁ አዩት። ሳፋው ሲመጣ ሹክሹክታው ጠፋ። ጥፍሩ ላይ ሳቁ፤ አባትየውም ሳቀና አጠገቡ ለተቀመጠው ጮክ ብሎ፣ «አልነፋበትም! እንዲደርቅ ይነፋበታል እኮ፤ እኔ እነፋበት ነበር!» አለ። አንሶላው ተሰጥቶ ስክሪኑ ሲጠቁር አንዱ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገለጠው።

ከዚያ አንድ ወጣት ሾፌር ተነስቶ፣ «በቃ? ምንም አልተፈጠረም እኮ!» አለ።

አንዲት ጡረታ የወጡ ቲኬት ቆራጭ ዞር አሉበት። «ሚስቱ ሞታ ምን ይፈጠርልህ? አውቶቡስ ይገልበጥልህ?»

«እንዲያው የሆነ ነገር...»

«የሆነውንማ አየህ! ባሌ ሲታመም አንድ ቀን እንኳ ፀጉሬን የማበጥርበት ጊዜ አልነበረኝም፤ እሱን ስል። ማንንም አልገደልኩም፤ በጄ ግን ነው የሞተው። አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል!»

ልጁ ግን አልተቀመጠም፤ ሌላ ሾፌር ደገፈው፤ ሌላው ተቃወመ፤ አዳራሹ እንደ ማኅበር ስብሰባ ጦዘ። ምርቃቱ ዕለት የቀለደው ሾፌር መጥቶ አባትየው ፊት ቆመ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ «ያቺ ቀልድ...» ብሎ ጀመረ። አባትየው ወንበር ስቦ «ተቀመጥ» አለው፤ ይቅርታውን ግን አስጨርሶ ነው የሰማው። ባለሱቋ ማንንም ሳታይ ቀስ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህም ይቅርታ አላለችም፤ መቀስም ከሌላ ሱቅ ነው የምትገዛው።

አባትየው አሁን ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያየውን ቆም ብሎ «ደህና አደራችሁ?» ይለዋል። የጉድ ፈላ ፊልም ጊዜው እስኪያልፍ ታይቶ ወረደ። መቀስ ቤቷ ሆና ማስታወቂያና የማስተማሪያ ቪዲዮ ታቀናብራለች፤ የምትቀመጥበት አዲሱ ወንበር ገና አልለመዳትም።

ያን ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ማሙሽና እሷ ወንበር ሲያነሱ ቀሩ። ማሙሽ ጥቂት ወንበሮች ደራርቦ ዞረባት።

«እታለም፣ አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ» አለችው፤ አንሶላውን ከግድግዳው እየነቀለች። «በዚያ በኩል ያዝ። እንዳይቀደድ።»